ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ጭነት አይሮፕላንና ስለ አርሲ ደጋ

ሰው የሠራው መሣሪያ ሁሉ ሁለት ፊት አለው። መጥረቢያ የቤት ምሰሶ ይቈርጣል፤ በክፉ እጅ ሲገባ ግን ሰው ይፈልጣል። እሳት እንጀራ ያበስላል፤ ቸል ሲሉት ግን አገር ያቃጥላል። ስለዚህ የአንድ መሣሪያ ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በብረቱ ሳይሆን፥ መሣሪያውን በያዘው እጅና መሣሪያው በተሰናዳበት አሳብ ነው። ይህ እውነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ለጦር ሠራዊት ተብሎ በተሠራው፥ ወታደርንና ስንቅን ከባድ ዕቃንም በሚያመላልሰው በጭነት አይሮፕላን ላይ ነው። ተዋጊውና ቦምብ ጣዩ አይሮፕላን ከፋብሪካ ሲወጣ ሥራው ተቈርጦለት ይወጣል፤ የጭነት አይሮፕላን ግን ሆዱ ባዶ ነውና ያጐረሱትን ይዞ ይሄዳል። መድፍ ቢያጐርሱት መድፍ፥ ስንዴ ቢያጐርሱት ስንዴ፥ ቍስለኛ ቢያጐርሱት ቍስለኛ ይሸከማል።

ከዚህ የተነሣ ስለ ጭነት አይሮፕላን የሚያስብ መንግሥትና ሕዝብ፥ አይሮፕላን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃውም። ያለው አይሮፕላን ለምን ሥራ ተሰናድቷል? ሥራውንስ ማን ተምሮታል? በችግር ቀን የሚያርፍበት ወይም ጭነቱን የሚጥልበት ቦታ የት ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት የሚገባቸው ችግር ሳይመጣ በደኅናው ቀን ነው። የአሰላና የአርሲ ደጋ ነገር ለዚህ አሳብ የቅርብ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስለ አርሲ ከመናገር አስቀድሞ፥ የጭነት አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ መመልከት ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ከአይሮፕላን ጋራ የተዋወቀችው በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በነሐሴ ወር ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አይሮፕላን መጣ፤ ጥቂት ቈይቶ ዩንከርስ ደብልዩ 33 የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። ፖቴዙ ለውጊያና ለቅኝት የተሠራ ሲሆን፥ ዩንከርሱ ግን ገላው በብረት የተለበጠ የጭነት አይሮፕላን ነበር። እንግዲህ የሚዋጋውና የሚሸከመው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኢትዮጵያ ሜዳ ላይ ጐን ለጐን ቆመዋል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሀገሪቱን በወረረ ጊዜ፥ የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባ አይሮፕላን መድኃኒትና ቍስለኛ ሲያመላልስ ታየ። ከዚህ ሥራ አብራሪዎች አንዱ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለው የስዊድን ሰው ነበር። ሆኖም ምልክት ብቻውን ጋሻ አልሆነም፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ ቈሞ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት የጠላት አይሮፕላን በቦምብ ደብድቦታል። ስለዚህ አይሮፕላን ሊያድንም ሊያጠፋም እንደሚችል የኢትዮጵያ ሕዝብ በገዛ ደሙ ተምሮታል።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የጦርነቱ መሣሪያ ወደ ሰላም ሥራ ሲዞር ታየ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፥ የያዛቸው አይሮፕላኖች ዳግላስ ሲ-47 የሚባሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የአሜሪካ ጦር ጫኞች ነበሩ። ሲ-47 ከመንገደኛው ወንድሙ ከዲሲ-3 የሚለየው፥ በጐኑ ሰፊ የዕቃ በር ስለ ተከፈተለት፥ ወለሉ ከባድ ዕቃ እንዲችል ስለ ተጠናከረ፥ መቀመጫውም በግድግዳው ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ስለ ሆነ ነው። በዚህ አኳኋን 28 ወታደር ወይም ከሁለት ቶን የሚበልጥ ዕቃ ይጭናል፤ አግዳሚው ታጥፎ ቃሬዛ ሲሰቀልበትም ሐኪም ቤት ይሆናል። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መንገደኞች በዚያው በወታደር አግዳሚ ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፥ በመካከላቸው ዕቃው ተጭኖ ይጓዙ ነበር። የበቅሎ መንገድ ብቻ ወደሚያውቃቸው የጠቅላይ ግዛት ከተሞች፥ ሣር በለበሰ ሜዳ ላይ እያረፈ መንገደኛና ቡና ደብዳቤና መድኃኒት ያመላለሰ ይኸው የጦር አይሮፕላን ነው።

በሰፊው ዓለም የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሲ-119 የተባለው ባለ ሁለት ግንድ ጅራት ጫኝ፥ የኢትዮጵያም አየር ኃይል በጊዜው የሠራበት፥ ወታደርና ስንቅ በዣንጥላ ለመጣል የተሠራ ነበር። ነገር ግን በነሐሴ 1952 ዓ.ም. ከነዚህ አንዱ ከኋላው ገመድና መንጠቆ ተንጠልጥሎለት፥ ከሕዋ በዣንጥላ ይወርድ የነበረውን የሳተላይት ዕቃ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ጠለፈው። በነሐሴ 1946 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሲ-130 ሄርኩለስ ደግሞ በአንድ ገላ ስንት ዐይነት ሥራ እንደሚሠራ ቈጥሮ መጨረስ ያስቸግራል። የበረዶ መንሸራተቻ እግር ሲገጠምለት በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ ያርፋል። የነዳጅ ጋንና ቱቦ ሲገጠምለት ሌሎችን አይሮፕላኖች በአየር ላይ ያጠጣል። የአየር መመርመሪያ ሲገጠምለት ወደ ታላቁ የባሕር ዐውሎ ነፋስ መካከል ገብቶ ኀይሉን ይለካል። 11 ሺህ ሊትር ያህል የሚይዝ ጋን ሲገባበት የእሳት ማጥፊያ ፈሳሽ በጥቂት ሴኮንድ በሚነድ ደን ላይ ያፈስሳል። ቃሬዛ ሲደረደርበት ከ70 የሚበልጡ ሕሙማንን አስተኝቶ ይወስዳል። መድፍና መትረየስ በጐኑ ሲጠመድበት ደግሞ እየዞረ እሳት የሚያዘንብ የሌሊት አውሬ ይሆናል። ገላው ያው አንድ ነው፤ ሞተሩም ያው ነው፤ የተለየው ከውስጡ የገባው ዕቃና ያሰናዳው ሰው አሳብ ነው።

የዚህ ነገር ታላቁ ፈተና በኢትዮጵያ የታየው በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ነው። በትግራይና በወሎ በሰሜን ሸዋም ሕዝብ በርሃብ ሲያልቅ፥ ከጥቅምት 1977 ዓ.ም. ጀምሮ የልዩ ልዩ መንግሥታት የጦር ጫኞች ወደ ሀገሪቱ ገቡ። የእንግሊዝ ሄርኩለስ፥ የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል፥ የሶቪየት አንቶኖቭ፥ የፖላንድም ሄሊኮፕተር፥ በአውሮጳ ሰማይ ቢገናኙ ኖሮ በጠላትነት የሚተያዩ ሁሉ፥ በኢትዮጵያ ሰማይ ለአንድ ሥራ ተሰለፉ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ብቻ ከአንድ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ከ30 ሺህ ቶን በላይ እህልና ልዩ ልዩ ርዳታ አጓጓዘ።

አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ በሌለበት፥ ገደልና ሸለቆ በከበበው የደጋ ቀበሌ ደግሞ እህሉ ከአየር ይጣል ነበር። ይህ ሥራ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጥንቃቄ ያለበት ሥራ ነው። እህሉ በከረጢት ውስጥ ከረጢት ተደርጎ ይሰፋል፤ ውስጠኛው ቢቀደድ ውጭኛው እህሉን ይይዘዋልና። ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል። አይሮፕላኑ ፍጥነቱን ቀንሶ ከዛፍ ጫፍ ብዙ ወደማይርቅ ከፍታ ዝቅ ይላል፤ የጅራቱ በር እንደ መወጣጫ ተከፍቶ፥ አፍንጫው ቀና ሲል ርብራቡ እየተንሸራተተ ይወጣል። በመሬት ላይ ደግሞ በሄሊኮፕተር አስቀድመው የደረሱ ሰዎች ሜዳውን መርምረው፥ ምልክት አድርገው፥ ሕዝቡና ከብቱ ከሚጣልበት ስፍራ እንዲርቅ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል፥ ሊያድን የመጣው ከረጢት በሰው ራስ ላይ ወድቆ ይገድላል። እንግዲህ ሕዝቡን ያጐረሰው ሞተሩ ብቻ አልነበረም፤ ከረጢቱን የሰፋው፥ ርብራቡን የመታው፥ ሜዳውንም የጠበቀው ሰው ጭምር ነው።

በዚያው ዘመን በዚያው ሰማይ ግን የነገሩ ሌላ ፊት ታየ። በጊዜው የነበረው መንግሥት ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ሺህ ያህል ሰው ለሠፈራ ሲያዛውር፥ ከፊሉ ሰው የተጫነው አንቶኖቭ 12 በተባለው የሶቪየት ጦር ጫኝ ነበር። የዚህ አይሮፕላን የዕቃ ክፍል የተሠራው ለመድፍና ለተሽከርካሪ ነውና፥ የአየሩ ግፊት ለሰው እንዲስማማ ሆኖ አይጠበቅም፤ ወንበርም መያዣም አልነበረበትም። በርሃብ የደከመ ሕዝብ፥ ሽማግሌውና እናቲቱ ሕፃኑም ሳይቀር፥ ቈመው እስኪጣበቁ ተጭነው ከፍ ወዳለው ቀዝቃዛና ስስ አየር ወጡ። ከእነርሱም በመንገድ የተረገጡና የታፈኑ ሕይወታቸውም ያለፈ እንደ ነበሩ በዘመኑ የነበሩ የርዳታ ሠራተኞች መስክረዋል። በአንድ የአየር ማረፊያ፥ በአንድ ወር ውስጥ፥ ሁለት የጦር ጫኞች ጐን ለጐን ቆመው አንዱ ሕይወት ሲያተርፍ አንዱ ሕይወት ሲያሳልፍ መታየቱ፥ ለሚያስተውል ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። የጐደለው ነዳጅ ወይም ክንፍ አልነበረም፤ የጐደለው ለሰው ተብሎ ማሰናዳት ነበር።

ይህን የመሰለ ትምህርት የሰጠ ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀሉን አይሮፕላን ያበረረው ያው ፎን ሮዘን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ወጣቶች በቢሾፍቱ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ አሠለጠነ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ከቢያፍራ ወገን ተሰልፎ፥ በትንንሽ የስዊድን አይሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አንጠልጥሎ ተዋጋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወሎ ረኀብ ዘመን ደግሞ፥ የእነዚያ አይሮፕላኖች የቅርብ ዘመድ በሆነው ኤምኤፍአይ-15 በተባለው ክንፍ ሥር ሮኬቱ ይንጠለጠልበት በነበረው ዐይነት መያዣ ላይ የምግብ ከረጢት አንጠልጥሎ፥ መንገድ በሌለው ተራራ ለተራበው ሕዝብ ጣለ። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ለርዳታ ሥራ በጎዴ ሳለ ተገደለ። በአንድ ሰው ዕድሜ በአንድ ዐይነት ክንፍ ሥር እሳትም እንጀራም ተንጠልጥሏል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ወደ አርሲ ደጋ መመለስ ይገባል። የአሰላ ከተማ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጭላሎ ተራራ እግር ሥር፥ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,430 ሜትር ያህል ከፍታ የተቈረቈረች ናት። ከበላይዋ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ቀና ብሎ ቆሟል፤ ወደ ደቡብም የጋላማና የካካ ተራሮች ተያይዘው ይሄዳሉ። ኢጣያና ሁሩታ፥ ሳጉሬና በቆጂ፥ የስንዴና የገብስ አገሮች ናቸው። የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት በ1960 ዓ.ም. ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ሕዝቡ ካዱ እያለ የሚጠራው፥ መናገሻውን በአሰላ አድርጎ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያስለመደ ነው። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የስንዴን ዘር ሲያሻሽል፥ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የገበሬውን ገብስ ሲገዛ ኖረዋል። ስለዚህ አርሲ የኢትዮጵያ ጐተራ ከሚባሉት አገሮች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ ጐተራ ያለው ቤትም ችግር አያጣውም። ከደጋው ወረድ ሲሉ፥ በአዋሽ በኩል ያሉት የዶዶታና የሲሬ ቆላዎች፥ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆም በኩል ያሉት ቆላማ ወረዳዎች ዝናም ሲጐድል ይራባሉ። በአንድ አውራጃ ውስጥ የላይኛው አውድማ ሞልቶ ሳለ የታችኛው ቤት ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በክረምት ደግሞ ጥቍር አፈሩ ጭቃ ሆኖ፥ ወንዙ ሞልቶ፥ ከዋናው መንገድ የራቀው ቀበሌ ለሳምንታት ሊዘጋ ይችላል። በደጋው በኩል ያለው ሌላ አደጋ እሳት ነው። የደጋ አጋዘን የሚኖርበት የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስታው ሲደርቅ ነበልባል ይወድዳል። በጎረቤት በባሌ በ1992 ዓ.ም. በጋ የተነሣው የደን ቃጠሎ ለሳምንታት ሲነድ፥ ገበሬውና ተማሪው በቅጠልና በአካፋ ሲታገል፥ በመጨረሻ የውጭ ሀገር ባለሙያዎች ርዳታ እስኪፈለግ መድረሱ አይዘነጋም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠልም ሄሊኮፕተር ከኬንያ፥ የእሳት ባለሙያ ከእስራኤል መጥቷል። የጎረቤትና የወዳጅ ርዳታ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ርዳታው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ድረስ እሳቱ አይጠብቅም።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። በአሰላ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ይሳሳል፤ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጐድለዋል። ይህ ስስ አየር በበቆጂና በአሰላ የተወለዱትን ሯጮች፥ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፥ እነ ደራርቱ ቱሉን፥ እነ ቀነኒሳ በቀለን ሳንባቸውን አጠንክሮ ለዓለም አደባባይ አብቅቷቸዋል። ለአይሮፕላን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ሲሳሳ፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው ሲያንሰው፥ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዥም ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳው ካጠረ ጭነቱን መቀነስ ግዴታ ነው። በቀትር ፀሐይ አየሩ ሲሞቅ ችግሩ ይብሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናው ጭላሎን ይሸፍናል። ስለዚህ በቈላ ሜዳ ላይ ለሠለጠነ አብራሪ የሚበቃው ስሌት ለአርሲ ደጋ አይበቃም። ስንት ኩንታል መጫን እንደሚቻል፥ በስንት ሰዓት መነሣት እንደሚሻል፥ በየትኛው ሸለቆ መግባትና በየትኛው መውጣት እንደሚገባ አስቀድሞ ተለክቶ መጻፍ አለበት። ይህን በችግር ቀን ልለካ የሚል ሰው፥ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ይሆናል።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ አይሮፕላን ውድ ነው፤ በመኪና የሚሄደውን እህል በአየር መውሰድ ብዙ እጥፍ ገንዘብ ያስወጣል፤ ስለዚህ መንገድ መሥራት ይሻላል የሚል ነው። ይህ መቃወሚያ እውነት አለው፤ መካድም አይገባም። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው አስፋልት ለአርሲ ገበሬ ከማናቸውም አይሮፕላን የበለጠ ጥቅም ሰጥቶታል፤ በጐተራና በመንገድ የሚከለከል ረኀብ በአይሮፕላን እስኪጠበቅ ድረስ መተው የለበትም። ሆኖም ድልድይ የተወሰደ እንደ ሆነ፥ ምጥ የጸናባት እናት ከዘጠኝ ሰዓት መንገድ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በረራ የሚሻላት እንደ ሆነ፥ እሳቱም መኪና በማይወጣበት ተራራ ላይ እንደ ሆነ፥ የገንዘቡ ስሌት ይለወጣል። አይሮፕላን የመንገድ ምትክ አይደለም፤ መንገድ በሚያልቅበት የሚጀምር እንጂ። ደግሞም እዚህ የሚጠየቀው አዲስ አይሮፕላን መግዛት አይደለም፤ ያለውን ማሰናዳት ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ጭነት አይሮፕላን ሲያሠራ የኖረ ነው፤ በ2010 ዓ.ም.ም ከአሜሪካ መንግሥት አንድ ሲ-130 ተረክቧል። ርብራብና ከረጢት ቃሬዛና ገመድ ከአይሮፕላኑ ዋጋ ጋራ ሲተያዩ ኢምንት ናቸው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፥ የጦር አይሮፕላን ለጦር ሥራ ነው፤ ወታደሩ የእህል ተሸካሚ ሲሆን ዋና ሥራውን ይዘነጋል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። በዝቅታ በሮ በተራራ መካከል በትንሽ ሜዳ ላይ ከረጢት በትክክል የሚጥል አብራሪ፥ ለሠራዊቱም ስንቅ መጣል ያውቃል፤ ሕመምተኛን በቃሬዛ አስተኝቶ በስስ አየር መጠበቅ የተማረ አስታማሚ፥ ቍስለኛ ወታደርንም ያድናል። በ1977 ዓ.ም. የመጡት የእንግሊዝና የጀርመን አብራሪዎች በኢትዮጵያ ደጋ የተለማመዱት ሥራ ለራሳቸው ሠራዊት ትልቅ ትምህርት ሆኖ ነው የተመለሱት። ከዚህ በላይ ግን ሌላ ትልቅ ጥቅም አለ፤ እርሱም የሕዝብ እምነት ነው። የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሕፃኑን አቅፎ ወደ ዋሻ የሮጠ ትውልድ በዚህች ሀገር ከአንድ ጊዜ በላይ ተፈጥሯል። ያንኑ ድምፅ ሰምቶ እናቱን ሊያሳክም የሚወጣ ትውልድ ቢፈጠር፥ ለሠራዊቱ ከምሽግ የሚበልጥ መከታ ይሆነዋል። ይህ እምነት ግን በወሬ አይገኝም። የርዳታው አይሮፕላን በርዳታ ቀን መሣሪያ ያልጫነ፥ ምልክቱ የታወቀ፥ ቃሉም የታመነ መሆን አለበት። ዛሬ ቃሬዛ ነገ ጥይት በአንድ ምልክት ሥር ቢጫን፥ ሕዝቡም ጠላትም ምልክቱን ማመን ያቆማሉ፤ የመልካ ዲዳንም መከራ በገዛ እጅ መጥራት ይሆናል።

እንግዲህ ለአርሲ ደጋ የሚያስፈልገው ነገር ተቈጥሮ የሚያልቅ ነው። አሰላ የዘወትር መንገደኛ አይሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ አይደለችም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከከተማይቱ አቅራቢያ አንድ ሜዳ፥ ከበቆጂም በኩል አንድ ሜዳ ተመርጦ፥ ርዝመቱና ተዳፋቱ ተለክቶ፥ ቤት እንዳይሠራበትና እንዳይታረስ ተጠብቆ ሊቆይ ይገባል። መሬቱን ለዚህ የሚለቅቅ ገበሬ ቢኖር ተገቢው ካሣ አስቀድሞ ይከፈለው፤ በግፍ የተወሰደ ሜዳ የርዳታ ሜዳ አይሆንምና። በቆላው ወረዳዎች በኩል ደግሞ ማረፊያ ባይገኝም፥ ከረጢት የሚጣልባቸው ሜዳዎች ተመርጠው በካርታ ይመዝገቡ። ሁለተኛ፥ ርብራብና ድርብ ከረጢት፥ ቃሬዛና የእሳት ማጥፊያ ጋን በቢሾፍቱ ተዘጋጅቶ፥ በስንት ሰዓት ውስጥ በአይሮፕላኑ ሆድ ሊገጠም እንደሚችል በልምምድ ይታወቅ።

ሦስተኛውና ዋናው የሰው ነገር ነው። የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ሐኪሞችና አስታማሚዎች ሕመምተኛን በአየር ማጓጓዝ ምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ይማሩ፤ ስስ አየር ለጤነኛ ሰው የሚቻል ሲሆን ደም ለፈሰሰው ሰው ሞት ሊሆን ይችላልና። የየቀበሌው ወጣቶች ሜዳ ማጽዳትን፥ በጭስና በጨርቅ የነፋስን አቅጣጫ ማሳየትን፥ ሕዝብና ከብትን ማራቅን ይማሩ። በዓመት አንድ ጊዜ፥ መኸር ከገባ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፥ አይሮፕላኑ መጥቶ በእውነተኛ ጭነት ልምምድ ይደረግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የሚጭን አይሮፕላን ስንት ሰው፥ በምን መቀመጫ፥ እስከ ምን ከፍታ ሊጭን እንደሚገባው የሚወስን የተጻፈ ሕግ ይኑር፤ ሕጉንም ማናቸውም አለቃ በችኮላ ቀን ሊሽረው አይቻለው። የ1977 ዓ.ም. የሠፈራ በረራ ያስተማረው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ርኅራኄ የሌለበት ችኮላ ሰውን ወደ ዕቃ ይለውጠዋልና።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ብቻ ነው ብሎ እጅ ማጣጠፍ አይገባም። የአሰላ ነጋዴ ከረጢቱን፥ የጭላሎ ገበሬ ከአውድማው ጥቂት ቍናውን፥ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነፋሱንና የደመናውን መዝገብ፥ ሽማግሌው የወንዙንና የሸለቆውን ጠባይ ሊያዋጡ ይችላሉ። አይሮፕላን ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳውን በደንብ የሚቀበል ቤት ግን የባላገሩ ነው። በ1977 ዓ.ም. የተራበውን ደጋ የዳሰሱት የውጭ ጫኞች ሥራቸውን ፈጽመው ሲሄዱ፥ ርብራቡም ልምዱም ከእነርሱ ጋራ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ፥ ርብራቡ በቢሾፍቱ ተሠርቶ፥ ስንዴው በአርሲ ተወቅቶ፥ ሜዳውን የአርሲ ወጣት ጠብቆ፥ አይሮፕላኑን ኢትዮጵያዊ አብርሮት መገኘት ይኖርበታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሩ ሰው። ነበልባሉ ሲነሣ ቅጠል የሚቈርጥ ዘግይቷል፤ ረኀብ በር ሲያንኳኳ ከረጢት የሚሰፋም ዘግይቷል። የጭነት አይሮፕላን ሆዱ ባዶ ሆኖ በሜዳ ላይ ቆሟል፤ ምን እንደሚያጐርሱት የሚወስነው በደኅናው ቀን የሚያስቡ ሰዎች ብልኅነት ነው። የጭላሎ አናት በጠራበት፥ አውድማውም በሞላበት ወራት ይህ አሳብ ተመክሮበት ቢጀመር፥ የሚጠቀመው አርሲ ብቻ ሳይሆን፥ ተራራና ገደል የከበበው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ እንደሚሆን አያጠራጥርም።